ወተት የሚለመንበት ቤት

በእኛ አገር ወተት አይሸጥም። ቅቤ ይሸጣል፤ አይብ ይሸጣል፤ ላሚቱ ራሷ ከነጥጃዋ ገበያ ትወጣለች። ወተት ግን ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። ዛሬ ደባርቅ ላይ ካፌው ሁሉ ማኪያቶ ስለሚያቀርብ ነገሩ ላልቷል። እኔ ባደግሁበት፣ ከዳባት ወረድ ብሎ ባለው መንደር ግን "ወተት ሸጠ" የተባለ ሰው ልጁን ለመዳር ይቸገር ነበር።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ነጭ ሽንኩርት፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ጌሾ ሸጫለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከክረምት የተረፈኝን ጃንጥላ በበጋ ሸጬ ጨርሻለሁ። ወተት ግን ሸጬ አላውቅም። ወተቴን ጠጥቼ ታመምሁ፤ ወተቴን ሰጥቼ ሰው አሳመምሁ። ይህን የምጽፈው ላም ላላችሁ፣ ላም ካለው ሰው አጠገብ ለምትኖሩ፣ ትኩሳት ይዟችሁ በየክሊኒኩ ለምትንከራተቱ ነው። ጤነኞችም ብታነቡት አይከፋም፤ እናንተ ጊዜ አላችሁ።

ልጅ ሆኜ፣ ተሳካለት የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም ነበር። መንደራችን ውስጥ አንድ ቤት ነበረ፤ የእሜቴ ዘነቡ ቤት። ጠዋት ጠዋት ከደጃፉ ቅል የያዙ ልጆች አይጠፉም። ሴት የወለደችበት፣ ልጅ ያተኮሰው፣ ሽማግሌ እህል አልበላ ያለው ቤት ሁሉ ወደዚያ ይልካል። እናቴ ታናሽ እህቴን የወለደች ጊዜ የተላክሁት እኔ ነበርሁ። በገብሱ ማሳ መካከል ሳልፍ ጤዛው እስከ ጉልበቴ ያርሰኛል። ውሻቸው ይጮሃል፤ አይነክስም፣ የሹመት ጩኸት ነው። እሜቴ ዘነቡ ብቅ ይሉና "የማን ልጅ ነህ?" ይሉኛል። ያውቁኛል፤ በየቀኑ እየመጣሁ እንዴት አያውቁኝም? ግን ይጠይቃሉ። ስሜን ከነአባቴ ስነግራቸው "እደግ" ይሉኝና ቅሌን ሞልተው አፉን በቅጠል ይወትፉታል። "ለስንት ቀን ነው? መቼ ትመልሳላችሁ?" የሚባል ነገር የለም።

በመንገድ ላይ ቅጠሉን ነቅዬ ሳልቀምስ ቤት የደረስሁበት ቀን የለም። ትኩስ ነው፤ አረፋ አለው፤ ቅሉ በወይራ ስለሚታጠን ጭስ ጭስ ይላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ጠጥቻለሁ፣ አንዳንዱም ውድ ነበር። ያንን የመሰለ ግን አላገኘሁም። ያኔ ነው በልቤ "አንድ ቀን ሰው ወደ እኔ ቤት ይልካል" ያልሁት።

ቀኑ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጀ። ዳባት ገበያ ላይ ኩንታል ተሸክሜያለሁ። ለሌላ ሰው ሽንኩርት ለቅሜ፣ ከዚያ ለራሴ ገዝቼ፣ አንዴ ከስሬ አንዴ ተርፎኝ፣ በስተመጨረሻ ደባርቅ ላይ ሱቅና ቤት አቆምሁ። ሰዉ "ሞላ ተሳካለት" ይል ጀመር። እኔ ግን ገና ነበርሁ። ቆርቆሮ ማንም ይመታል። ከእኔ ደጅ ቅል የያዘ ልጅ አልቆመም።

እና ላም ገዛሁ። ያውም የፈረንጅ ዲቃላ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት። ባለቤቴ ብርቄ "ቦቄ" ብላ ስም አወጣችላት። ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ውቅያኖስ አቋርጠው የሚመጡት ቱሪስቶች በደጃችን ሲያልፉ እሷን ፎቶ አያነሷትም ነበር፤ አገራቸው የቀሩ መስሏቸው ይሆናል። እኛ ግን ዓይናችንን ከእሷ ላይ አልነቀልንም። ስትመጣ እርጉዝ ነበረች። ወሯ ሳይደርስ ጥጃዋን ጣለች። እኔው ነኝ እጅጌዬን ሰብስቤ የሞተውን ጥጃ ጎትቼ ያወጣሁት። ጎረቤት ሁሉ "ዓይን ነው፤ እንዲህ ያለች ላም ደጅ ላይ ይታሰራል?" አለ። አንገቷ ላይ ክታብ አሰርንላት። እኔ እጄን በውሃ ለቅለቅ አደረግሁ። ሁለታችንም የታከምን መሰለን።

የፈረንጅ ላም ደግሞ ጉዷ፣ ጥጃ ባይኖራትም ትታለባለች። ወተቱ ወረደ። ቤቱ ሞላ። ያኔ ያስቸገረኝ ነገር ምን መሰላችሁ? የሚለምን ጠፋ። ዘመኑ ተለውጧል፤ ሰው ለልጁ ብስኩት ይገዛል። ስለዚህ በየቤቱ እየዞርሁ "ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ላኩ እንጂ፤ እኔ ቤት ወተት እያለ!" እል ጀመር። በመጀመሪያ የመጣችው የጎረቤታችን የየትምወርቅ ልጅ ቃልኪዳን ናት። የትምወርቅ መናኸሪያ አጠገብ ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ የምትሸጥ፣ ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ምላሷ ከሚጥሚጣዋ የማያንስ ሴት ናት። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ልጆች መጡ፤ በቅል ሳይሆን በጆግና በፕላስቲክ ጠርሙስ። እኔ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ደጃፍ እቆምና ቃልኪዳንን "የማን ልጅ ነሽ?" እላታለሁ።

"ጋሼ፣ ታውቀኝ የለ እንዴ?" ትለኛለች።

"አውቃለሁ። ተናገሪ ብቻ።"

ብርቄ በገዛ እጇ እንደታለበ ትቀዳላቸዋለች። ወተት አፍልቶ መስጠት በእሷ ቤት ነውር ነው። እናቷ "የፈላ ወተት የላሚቱን ጡት ያቃጥላል፣ ላሚቱ ትነጥፋለች" ብለው ነው ያሳደጓት። የእኔም እናት እንደዚያው። በዚህ ጉዳይ ብቻ ሁለቱ እናቶቻችን ተስማምተው አለፉ።

ሕመሙ የጀመረኝ በኅዳር ነው። ደባርቅ ላይ በኅዳር ሰው አያልበውም፤ በኅዳር ሰው ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ጠዋት ስነሳ አንሶላው የሚጨመቅ ሆነ። ወደ ማታ ትኩሳት ይመጣል፤ ሲነጋ ጥሎኝ ይሄዳል፤ ለሳምንት ይጠፋና ይመለሳል። አበዳሪ እንኳ እንደዚያ አይመላለስም። ከዚያ ወገቤ ያዘኝ። "ኩንታል ነው" አልሁ። በልጅነቴ የተሸከምሁት ኩንታል አሁን ሒሳቡን ሊተሳሰበኝ መጣ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወስዶ "ታይፎይድ ነው" አለኝ። መድኃኒቱን ጨረስሁ፤ ተሻለኝ፤ ተመለሰብኝ። ሁለተኛውም "ታይፎይድ ነው" አለ። ሦስተኛው ጋ ስሄድ ልጁ ገና መርፌውን ሳያነሳ "ታይፎይድ ሊሆን ይችላል" አለኝ፤ ቢያንስ እሱ ጊዜዬን አልበላም። አንዱ ደግሞ ኩላሊቴ ላይ አሸዋ አየ። እንዳየሁት ሰው ሁሉ አሸዋ አለበት፤ በዚያ ሁሉ አሸዋ ቤት አለመሥራታችን ነው የሚገርመኝ። ዳባት ያለው ወጌሻ ጋ ሄጄ ወገቤን በቅቤ ታሸሁ፤ ለሁለት ቀን እንደ ሙሽራ ሸተትሁ፤ ሕመሙ ንቅንቅ አላለም። ጠበልም ገባሁ። ሁዳዴ ሲያዝ ትንሽ ሻል ስላለኝ ብርቄ "ጾሙ ነው" አለች። እኔም አመንሁ። ፋሲካ ሲደርስ "አሁንማ ጉልበት ያስፈልግሃል" ተብሎ ወተቱ በእጥፍ ቀረበልኝ። የጠየቀኝ ሁሉ የሚያዝልኝ አንድ መድኃኒት ነበረና፦ "ወተት ጠጣ። ቤትህ ሞልቶ!"

እኔም እጠጣለሁ።

በክረምቱ ቀጥ ብዬ መቆም አቃተኝ። ቀኝ እጄን ዳሌዬ ላይ አድርጌ፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብዬ፣ በዱላ ነው የምሄደው። ሱቁን ብርቄ ያዘች። ከእኔ በተሻለ ዋጋ ስትሸጥ ማየት ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ግን ጨዋታው እያለቀ መጣ። እቆጣለሁ፤ ሳህን እገፋለሁ። አንድ ቀን ጆሮዋን ሳየው ባዶ ነው። ጉትቻዋ የለም። የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም፤ መድኃኒቱ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ሌሊት ሌሊት ጅቡ ሲጮህ "አልጋ ላይ ብቀር እሷ ምን ትሆናለች?" እያልሁ አነጋለሁ። የምፈራው ሞትን አልነበረም። ነጋዴ ሞትን አንድ ጊዜ የሚከፈል ዕዳ አድርጎ ያስበዋል። የምፈራው እግሬ እንቢ ብሎኝ እየኖሩ መቅረቱን ነበር።

መጨረሻ ላይ ብርቄ "ጎንደር ትሄዳለህ፤ እንቢ ካልህ ላሟን ሸጬ አምቡላንስ አስመጣለሁ" አለችኝ። ላሟን ስትል ደነገጥሁና ሄድሁ።

ጎንደር ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው የእንጨት ወንበር ጀርባ የለውም። ወገብ ላመመው ሰው እንዲህ ያለ ወንበር ያዘጋጀውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ካህን ተቀምጠዋል፤ የጊች ሰው ናቸው። በሚኒባስ ሲመጡ መንገዱን ሁሉ ሲያስታውኩ እንደመጡ ነገሩኝ።

"በበቅሎ ዕድሜዬን ሁሉ ተቀምጫለሁ፤ አንድም ቀን እንዲህ አላዋረደችኝም" አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው የባቄላ ቆሎ አውጥተው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። "ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?"

"ነጋዴ ነኝ፣ አባ።"

"ተሳካልህ?"

ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አንድ መልስ አለኝ። "ላም አለችኝ፣ አባ። ሰፈሩ በሙሉ ከእኔ ቤት ነው ወተት የሚወስደው።"

"እንግዲያ ተሳክቶልሃላ!" አሉና ዞር ብለው አዩኝ። "ታዲያ እዚህ ከእኔ ጋር ምን ታደርጋለህ?"

ሳቅሁ፤ ወገቤ ስለተቆጣ መልሼ ዋጥሁት። ስማቸው ሲጠራ አልተነሱም። "ይሄ ሰው ይቅደም፤ መቀመጥ አልቻለም" አሉ ለነርሷ። እንዴት እንደማመሰግናቸው ስቸገር "ሂድ ሂድ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ የምቸኩልበት አገር የለኝም" አሉኝ። የዚያን ቀን ተራቸውን ለቀው የሰጡኝን ያህል እስካሁን ማንም አልሰጠኝም።

ዶክተሯ ወጣት ናት። "አባባ" አለችኝ። ለራሴ ገና ጎልማሳ ነኝ፤ ግን ዱላ ይዤ ስገባ ማን ያምነኛል? የያዝሁትን ካርድና ራጅ ሁሉ አገላበጠች። ከዚያ ሁሉንም ወደ ጎን አለችው።

"ከከብት ጋር ይገናኛሉ?"

"ላም አለችኝ።"

"ወተቱን አፍልታችሁ ነው የምትጠጡት?"

ተቀየምሁ። "ዶክተር፣ እኛ ወተት አናቃጥልም።"

"ላሟ አስወርዳ ታውቃለች?"

 በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ሽንቴ ጠይቀውኛል፣ ስለ አክታዬ፣ ስለ አባቴ በሽታ ሁሉ ጠይቀውኛል። ስለ ላሚቱ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሞተውን ጥጃ በባዶ እጄ እንዳወጣሁት ነገርኋት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ደም አዘዘች፤ ወገቤን እንደገና ራጅ አስነሣችኝ።

ውጤቱ እስኪመጣ ጎንደር ዘመድ ቤት ሰነበትሁ። ስመለስ አስቀምጣ በቀስታ ነገረችኝ። ብሩሴሎሲስ ይባላል። ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ላሟን ያስወርዳታል፤ ሰውን አንዴ እያተኮሰ አንዴ እየተወ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፤ ሲቆይ መገጣጠሚያና አከርካሪ ላይ ይቀመጣል። ወተት ሲፈላ ይሞታል፤ እንደታለበ ከተጠጣ ግን አብሮ ይጠጣል። የወረደ ጥጃና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ መንካትም ያው ነው። ጾሙም አልነበረም፤ ሕመሙ ራሱ ነው እየሄደ የሚመለሰው። "ይድናል" አለችኝ። "ረዘም ይላል፤ ካቋረጡት ግን ይመለሳል።"

ይድናል የሚለውን ስሰማ ወንበሩ ላይ ልተኛ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨመረች።

"ከዚህች ላም ወተት የሚጠጣ ሌላ ሰው አለ?"

"ሰፈሩ በሙሉ!" አልሁ።

አፌ ለምዶ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው በኩራት ነበር የወጣው። ከወጣ በኋላ ሰማሁት። እሷም ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ።

ወደ ደባርቅ ስመለስ ዳባት ስንደርስ በመስኮት ወደ መንደራችን የሚወርደውን መንገድ አየሁት። ገብሱ ያኔ እንደነበረው ነው፣ ነፋሱ እያስተኛ ያነሣዋል። እሜቴ ዘነቡ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ ቤታቸውም ፈርሷል አሉ። በዚያ ዘመን "ትኩሳት ወሰደው" የሚባል ልጅ ብዙ ነበር፤ ምን ዓይነት ትኩሳት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። እሳቸውን አልከስም። ከእጃቸው የጠጣሁትንም ወተት አላማም፤ ቢሰጡኝ ዛሬም እጠጣለሁ፣ አፍልቼ። እሳቸው አላወቁም። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤ ልዩነታችን ይኼው ነው፤ ትንሽም አይደለም።

መናኸሪያ ስወርድ ቃልኪዳን የእናቷን ባልዲ ይዛ ወደ ቦኖው ትሄዳለች። ቀኝ እጇን ዳሌዋ ላይ አድርጋለች። ወደ አንድ ጎን አዘንብላለች። ገመድ ስትዘል ወድቃ ነው ሲባል ከሰነበተ ቆይቷል፤ እናቷም ወጌሻ አሳይታታለች። ማታ ማታ እንደሚያተኩሳትም ሰምቼ ነበር፤ "ወተት ጨምሩላት" ያልሁት እኔ ነኝ። አሁን ከኋላዋ ቆሜ ሳያት የራሴን አካሄድ አየሁት። በልጅ ልክ የተሰፋ።

ቤት ገብቼ ለብርቄ ነገርኋት። ደነገጠች፤ ከዚያ ወዲያው ማሰብ ጀመረች።

"ከነገ ጀምሮ አፍልቼ እሰጣለሁ። ማንም ሳያውቅ ያልቃል።"

"ልጅቷስ?"

"ጎንደር ውሰጃት ብለን እንምከራት። ምክር ነው፤ ምክር ምን ክፋት አለው? ሞላ፣ እዚህ ከተማ የምንኖረው በስማችን ነው። 'ልጅ በከሉ' ከተባልን ሽንኩርቱን ማን ይገዛናል?"

እውነቷን ነው። እኔም መንገድ ላይ ያሰብሁት ይኼንኑ ነበር፤ ከእሷ አፍ ስሰማው ግን አስጠላኝ። "ሐኪሙ ስለ ላሚቱ ካልሰማ ልጅቷንም 'ታይፎይድ ነው' ብሎ ይመልሳታል" አልኋት። "እኔ ዓመት ሊሞላኝ ነው እንዲህ ስንከራተት።"

ዱላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። ነጠላዋን እያጣፋች ደረሰችብኝ። "ብቻህን አትሄድም" አለችኝ። "የሰጠሁት በእጄ ነው።"

የትምወርቅ ድንች እየላጠች ነበር።

"አያ ሞላ! ጎንደር ምን አለህ?"

"ታይፎይድ አይደለም አሉኝ።"

"እልልል! ከዚህ ሰፈር አንድ ሰው እንኳ ከታይፎይድ ተረፈ!"

ከዚያ ነገርኋት። ሳላሳጥር፣ ሳላስረዝም። የላሚቱን፣ የጥጃውን፣ የወተቱን፣ የልጅቷን አካሄድ። መላጧን አላቆመችም። ድንቹ በእጇ እያነሰ እያነሰ ሄደ።

"ቃልኪዳንን ያሳመማት የእናንተ ወተት ነው የምትሉኝ?"

"ሳይሆን አይቀርም። ደሟ ይታይ። ለሐኪሙ ስለ ላሚቱ ንገሪው።"

"እኔ መቼ ወተት ለመንሁህ?" አለችኝ። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ብስኩቷን እየበላች ትኖር ነበር። 'ላኪያት፣ ላኪያት' ያልኸኝ አንተ አይደለህም?"

 ሰው እንዲለምነኝ ሰውን ለምኜ ነበር።

የመኪናውን እኛ እንክፈል ብንላት በር ዘጋችብን። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ብርቄ መናኸሪያ ሄዳ፣ እነሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ውስጥ ገብታ፣ ሳትጋበዝ ከየትምወርቅ አጠገብ ተቀመጠች። "ውረጂ" አላለቻትም። "ግቢ"ም አላለቻትም። እስከ ዳባት አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ዳባት ላይ ልጅቷን ብርድ ሲያንቀጠቅጣት ብርቄ ጋቢዋን አለበሰቻት። የትምወርቅ ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሣችም፤ ጋቢውን ግን አልገፈፈችውም።

ቃልኪዳን ተገኘባት። ሌሎቹ ልጆች ተመረመሩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ነፃ ናቸው። ብርቄም ተገኘባት። ለካስ ክረምቱን ሙሉ እኔ ስለ ወገቤ ሳለቅስ እሷ ጉልበቷን በስውር እያሸች ከርማለች። "ለምን አልነገርሽኝም?" ብላት "ቤቱ ውስጥ ለአንድ በሽተኛ ብቻ ነው ቦታ የነበረው" አለችኝ።

ቦቄንም የእንስሳት ሐኪሙ ደሟን ወሰደ፤ በሽታው አለባት፤ መታረድ እንጂ መሸጥ የለባትም አለን። ይህ በተሰማ በማግስቱ አንድ ደላላ ሱቄ መጣ።

"አያ ሞላ፣ ገዢ አለኝ። ቆላ ነው የምትወርደው፤ እዚያ ማን ያውቃታል?"

"ሰውዬው ምኗን ብሎ ነው የሚገዛት?"

"ወተቷን ነዋ!"

"እሱ ነው እኮ ችግሩ።"

ትኩሳቱ ጭንቅላቴ ላይ የወጣ መስሎት አዝኖልኝ ሄደ። አረድናት። ሐኪሙ ጡቷና ማኅፀኗ ይቀበር፣ ሥጋዋ ግን በደንብ ከበሰለ ችግር የለውም ብሎ ነበር፤ ቅርጫ የሚገባ ሰው ግን አልተገኘም። እኛም አልበላልን አለ። ከነቆዳዋ ቀበርናት። ጉድጓዱ ሲቆፈር ሰፈሩ አጥር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። እንደዚያ ሆኖ ታየኝ፤ የሠራሁት ሁሉ አፈር ሲገባ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ። ብርቄ ወደ ቤት ገብታ ጆጎቹን ከመደርደሪያው አውርዳ ዕቃ ቤት አስገባች።

ስለ መድኃኒቱ ልንገራችሁ፣ ለዚህ ነውና የምጽፈው። ብዙ ነው፤ ብዙ ወር ይወሰዳል። አንደኛው ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ አትደንግጡ፣ እኔ ደንግጬ ሽማግሌ ጠርቻለሁ። ሆድ ይረብሻል። መካከል ላይ ደግሞ የዳናችሁ ይመስላችኋል፤ ወጥመዱ እሱ ነው፣ ያን ጊዜ አታቁሙ። ትኩሳት የሚመላለስባችሁ ከሆነ፣ ከብት ካላችሁ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ስለ ከብቶቻችሁ ንገሩት። ላም ስታስወርድ በባዶ እጅ አትንኩ። ወተት አፍሉ። የላሚቱ ጡት አይቃጠልም፤ ጠይቄያለሁ።

አንድ ቀን ከእህል መጋዘን ወደ ቤት መጥቼ ዱላዬን ብፈልግ የለም። ረስቼው ነው የመጣሁት። ለብርቄ ስነግራት ምጣዱን ትታ ተቀምጣ አለቀሰች። ቃልኪዳን ደግሞ ከእኔ በፊት ነበር የዳነችው፤ ልጅ ፈጣን ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁልቁለቱን በሩጫ ነው የምትወርደው። ሱቄ በር ላይ ሆኜ ሁልጊዜ አያታለሁ፤ ሥራ እንዳለኝ መስዬ።

ያልዳነ ነገር አንድ ነበር። የትምወርቅ ሽንኩርት የምትገዛው ከእኔ ነው፤ ሌላ ሱቅ ሩቅ ስለሆነ ይሆናል። ድሮ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ገበያው እስኪሰበሰብ ድረስ ነበር የምንከራከረው። ከዚያ ወዲህ ግን ትመጣለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፣ እነግራታለሁ፣ ከፍላ ትሄዳለች። አንድ ቃል የለም። ነጋዴ ያልሆነ ሰው ይህ ደስ የሚያሰኝ ይመስለዋል። የተቀየመህ ሰው አይከራከርህም፤ ያልኸውን ከፍሎህ ይሄዳል። እንዲያ ስትከፍለኝ ብሩን ስቀበል እጄ ይከብደኛል። ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ብነግራትም ያው ናት። አንድ ጊዜ ሆን ብዬ በጣም ከፍ አድርጌ ነገርኋት፤ እሱንም ከፈለች። ከዚያ ቀን ወዲያ እንዲያ አላደረግሁም።

እንደዚህ ወራት አለፉ። ሰው ስለ ስኬት ሲያወራ ስሰማ ድሮ ቤቱን፣ ደጁን፣ ላሙን እቆጥር ነበር። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ እውነቱን ነግረኸው የተቀየመህ ሰው ተመልሶ ደጅህ ይቆማል ወይ? መልሱ በእኔ እጅ አልነበረም።

በጥቅምት፣ አዲሱ ሽንኩርት በገባ ሰሞን ቅዳሜ ቀን የትምወርቅ መጣች፤ ቃልኪዳን ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛለች። አንድ ራስ ሽንኩርት አነሣች። አገላበጠችው። አሸተተችው።

"ስንት ነው?"

ነገርኋት።

አልከፈለችም። ሽንኩርቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ አየችው።

"ለዚህ? ይሄ ሽንኩርት ነው? ይሄ የሽንኩርት ነፍስ ነው፤ ሥጋው የት ሄደ?"

 "ዋጋው ያው ነው" አልሁ፣ በጭንቅ።

"ሌባ! በሽተኛ ሳለህ ትሻል ነበር!"

ገበያተኛው ዞር አለ። ብርቄ ከመጋዘኑ ራሷን ብቅ አደረገች። ቃልኪዳን "እማዬ፣ በቃ ክፈይውና እንሂድ" እያለች ቀሚሷን ትጎትታለች።

"ዝም በይ አንቺ! እንዲህ ያለ ሰው ዝም ከተባለ ሰፈሩን ይበላል!"

ዋጋውን ቶሎ አልቀነስሁላትም። ብቀንስላት ትሄዳለች።